ሃቭ የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ከማስተምራቸው ሰዎች መካከል የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፤ ባለሱቅ አለ፤ ከአንኮበር ወይም ከመንዝ የመጣ አስጎብኚ አለ፤ የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ የሚውል ምሩቅም አለ። ሙያቸው የተለያየ ቢሆንም ጥያቄያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ግስ ላይ ያርፋል፦ ሃቭ። ገና በልጅነታቸው የተማሩት ቃል ስለሆነ የጨረሱት ይመስላቸዋል፤ ደብዳቤ ሲጽፉ ወይም እንግዳ ፊት ሲቆሙ ግን ያንገዳግዳቸዋል። አይፈረድባቸውም። እንግሊዝኛ በአንድ ሃቭ ላይ የጫነውን ሸክም አማርኛ «አለኝ»፣ «አለብኝ»፣ «ልኬያለሁ» እና «አሠራሁ» ለሚሉት አከፋፍሎታል፤ እኛም አንዱን ከሌላው ለይተን ወደ ሃቭ ማምጣት ይቸግረናል።

የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጆሮ ከዓይን የተሻለ ይይዛል።

«አለኝ» ባልኩ ቁጥር «አይ ሃቭ» ማለት እችላለሁ?

ያላችሁ ነገር ንብረት፣ ዘመድ፣ ጊዜ ወይም ሐሳብ ከሆነ ትችላላችሁ። «ሦስት በግ አለኝ» ማለት «አይ ሃቭ ስሪ ሺፕ» ነው። «ነበረኝ» ሲሆን «አይ ሃድ»፣ «ይኖረኛል» ሲሆን ደግሞ «አይ ዊል ሃቭ» ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው አማርኛው ባለቤቱን ሳይጠራ «አለ» ብሎ ሲያልፍ ነው። «በክፍላችን ስድሳ ተማሪ አለ» የሚለውን ብዙ ሰው «ኢን አወር ክላስ ሃዝ ሲክስቲ ስቱደንትስ» ይለዋል። ሃቭ ግን ከፊቱ ባለቤት ይፈልጋል፤ «ኢን አወር ክላስ» የሚለው ደግሞ ቦታ ነው፤ የምንም ነገር ባለቤት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ «ዜር አር ሲክስቲ ስቱደንትስ ኢን አወር ክላስ» በሉ፤ አለዚያም «ኢን» የምትለዋን ጥላችሁ «አወር ክላስ ሃዝ ሲክስቲ ስቱደንትስ» በሉ። ከተማችንን ይዘን እንየው። «ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አላት» ስንል «ደብረ ብርሃን ሃዝ ኤ ዩኒቨርሲቲ» ነው። «ደብረ ብርሃን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ» ስንል ግን «ዜር ኢዝ ኤ ዩኒቨርሲቲ ኢን ደብረ ብርሃን» ይሆናል። አማርኛው ላይ «አላት» ወይም «አለው» ካገኛችሁ ሃዝ ነው፤ ባዶውን «አለ» ካገኛችሁ «ዜር ኢዝ» ወይም «ዜር አር» ነው።

አያቴን አንቱ ነው የምላቸው። በእንግሊዝኛ ስለ እርሳቸው ስጽፍ «ሃቭ» ልበል ወይስ «ሃዝ»?

ሃዝ። ይህ የጨዋ ልጅ ስሕተት ነው፤ ሳርመው እንኳ ቀይ እስክሪብቶ ማንሣት አያስደስተኝም። በእኛ ቤት አያትም፣ አባትም፣ በዕድሜ የገፉ ጎረቤትም «በግ አላቸው» ነው የሚባሉት። «ማይ ግራንድፋዘር ሃቭ ሜኒ ሺፕ» ብሎ የሚጽፈው ተማሪ ብዙ ቁጥሩን ያመጣው ከአክብሮቱ ነው። አንዳንዱማ «ዜይ ሃቭ» ብሎ ይቀጥላል፤ አንባቢው ፈረንጅም የስንት ሽማግሌ ነገር እንደሚወራ ግራ ይገባዋል። እንግሊዝኛ አንቱታን በግስ አይገልጽም። አንድ ሰው እስከሆኑ ድረስ ንጉሡም፣ አያትም፣ እረኛውም «ሂ ሃዝ» ናቸው። አክብሮታችሁን በ«ሰር»፣ በ«ፕሊዝ» እና በ«ኩድ ዩ» አሳዩት።

በነካ እጄ፦ ሃዝ ከ«ደዝ» ጋር አይገጥምም። «ደዝ ሂ ሃዝ» የሚባል ነገር የለም፤ «ደዝ ሂ ሃቭ» ነው። ደዝ አንዴ የነጠላነቱን ምልክት ስለያዘ ሃቭ እንደገና አይሸከመውም።

«ዱ ዩ ሃቭ ኤ ፔን?» እና «ሃቭ ዩ ጎት ኤ ፔን?» ከሚሉት ትክክለኛው የቱ ነው?

ሁለቱም። የመጀመሪያው በአሜሪካም በብሪታንያም ይሠራል፤ ሁለተኛው ይበልጥ የሚሰማው ከብሪታንያውያን አፍ ነው፤ ለንግግር እንጂ ለማመልከቻ አይሆንም። «ሃቭ ዩ ኤ ፔን?» ደግሞ ስሕተት ባይሆንም አርጅቷል። መቀላቀል ግን አይቻልም፤ «ዱ ዩ ሃቭ ጎት» የማንም አይደለም። አንዱን ብቻ ያዝ ካላችሁኝ «ዱ ዩ ሃቭ» ያዙ፤ የትም ቦታ አያሳፍርም።

«አይ አም ሃቪንግ» ማለት ፈጽሞ አይቻልም የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሃቭ «አለኝ» ሲሆን «ሃቪንግ» አይሆንም፤ «አይ አም ሃቪንግ ኤ ባጃጅ» ስሕተት ነው። ሃቭ የሚደረግ ነገርን ሲገልጽ ግን ይሆናል። ምሳ እየበላን ከሆነ «ዊ አር ሃቪንግ ላንች»፣ ስብሰባ ላይ ከሆንን «ዊ አር ሃቪንግ ኤ ሚቲንግ» እንላለን። መለያው ቀላል ነው፦ አማርኛውን «እየ» በሚለው መጀመር ከቻላችሁ ሃቪንግ ይፈቀዳል። «እየበላሁ ነው» ይባላል፤ «ባጃጅ እያለኝ ነው» አይባልም።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። «በረደኝ» ለማለት «አይ ሃቭ ኮልድ» ልክ ነው?

አይደለም። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትኖር ከተማ ነዋሪ አስቀድሞ ሊያውቃት የሚገባ ዓረፍተ ነገር ብትኖር ይህችው ናት። «በረደኝ» ማለት «አይ አም ኮልድ» ነው። «ጉንፋን ይዞኛል» ማለት ደግሞ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ነው። በመካከል የገባችው ትንሿ «ኤ» ከብርድ ልብስ ወደ ጤና ጣቢያ ትወስዳችኋለች። ረኀብና ጥምም እንደ ብርድ ናቸው፤ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ሰርስቲ»። ዕድሜም ሃቭን አይፈልግም፤ «አይ አም ትዌንቲ»።

ሕመም ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እኛ «ራሴን ያመኛል» ስንል አድራጊው ሕመሙ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው የሕመሙ ባለቤት ይሆናል። «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»፤ ትኩሳት ከሆነ «አይ ሃቭ ኤ ፊቨር»። ሐኪም ፊት «ማይ ሄድ ኢዝ ፔይኒንግ ሚ» ብትሉም ትታከማላችሁ፤ የመጀመሪያው ግን ይቀልላል።

«ደብዳቤውን ትናንት ልኬያለሁ» የሚለውን «አይ ሃቭ ሴንት ዘ ሌተር የስተርዴይ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አረመኝ። ለምን?

ከሁሉም ጥያቄዎች ከባዱ ይህ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

ትምህርት ቤት ውስጥ «ልኬያለሁ» ማለት «አይ ሃቭ ሴንት» ነው፣ «ላክሁ» ማለት ደግሞ «አይ ሴንት» ነው ተብለን ነው ያደግነው። ግጥጥሙ መልካም ይመስላል። ነገር ግን አማርኛ «ትናንት ልኬያለሁ»፣ «ባለፈው ማክሰኞ ከፍያለሁ»፣ «በ2014 ተመርቄያለሁ» ማለትን አይከለክልም። እንግሊዝኛ ይከለክላል። ያለቀና የተዘጋ ጊዜ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከተጠራ ሃቭ መውጣት አለበት። ትናንት አልቋል፤ ያለፈው ሳምንት አልቋል፤ 2014 አልቋል። ስለዚህ «አይ ሴንት ዘ ሌተር የስተርዴይ»።

ከአገራችን ታሪክ ብንወስድ ይበልጥ ይታያል። ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው በ1841 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እንግዳ ይዞ አንኮበር የቆመ አስጎብኚ «ሃሪስ ሃዝ ኬም ሂር ኢን 1841» ካለ ሁለት ጊዜ ይሰናከላል። አንደኛ፣ ዓመቱ ስለተጠራ ሃዝ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ከሃዝ በኋላ «ኬም» በሦስተኛው ቅርጹ «ከም» ይሆናል እንጂ እንዳለ አይቀመጥም። «ሃሪስ ኬም ሂር ኢን 1841» ብሎ ማለፍ ነው፤ «ኬም» ያለፈው ቅርጽ ነው። ምኒልክም «ዎዝ ቦርን ኢን አንጎለላ ኢን 1844» ይባላሉ፤ «ሃዝ ቢን ቦርን» አይባሉም። ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ «ዘርዐ ያዕቆብ ፋውንድድ ዘ ታውን ኢን ዘ ፊፍቲንዝ ሴንቸሪ»።

ታዲያ ሃቭ መቼ ይግባ? ጊዜው ሳይጠራ ውጤቱ ዛሬ ድረስ ሲታይ። «ከተማዋ አድጋለች»፦ «ዘ ታውን ሃዝ ግሮውን»። መቼ አደገች የሚለው አልተነሣም፤ ዛሬ ትልቅ መሆኗ ነው የተፈለገው። ደግሞም ጊዜው ገና ካላለቀ ሃቭ ይገባል። «ዛሬ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ»፦ «አይ ሃቭ ሪተን ስሪ ሌተርስ ቱዴይ»፤ ዛሬ አልመሸምና።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። እኛ «ምሳ በላህ?» ብለን የምንጠይቀው በአጭሩ ቅርጽ ነው፤ ብሪታንያውያን ግን «ሃቭ ዩ ሃድ ላንች?» ይላሉ፤ አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ «ዲድ ዩ ኢት?» ይላሉ። ስለዚህ የአማርኛውን ቅርጽ አይታችሁ አትተርጉሙ። ጊዜው ተጠርቷል ወይስ አልተጠራም? አልቋል ወይስ አላለቀም? ብላችሁ ጠይቁ።

«ከ2010 ጀምሮ እዚህ እየሠራሁ ነው» የሚለውን በሥራ ማመልከቻ ላይ እንዴት ልጻፍ?

በ«አይ አም ወርኪንግ» አትጻፉት፤ «እየሠራሁ ነው» የሚለው ነው ወደዚያ የሚጎትታችሁ። ትናንት ጀምሮ ዛሬ ድረስ የዘለቀ ሥራ ሃቭን ይጠይቃል፦ «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ሲንስ 2018»፣ ወይም «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2018»። የመነሻ ነጥብ ከሆነ «ሲንስ»፣ ርዝመት ከሆነ «ፎር»። «ሲንስ ፋይቭ ይርስ» የሚለውን በየሳምንቱ አርማለሁ፤ «ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው።

2010 ወደ 2018 የተለወጠው በስሕተት እንዳይመስላችሁ። ማመልከቻው ለውጭ ድርጅት ከሆነ ዘመኑን ቀይሩት። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት መጨረሻ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ፣ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ይደመራል። ሥራ የጀመራችሁት በ2010 ጥቅምት ከሆነ 2017፣ በ2010 መጋቢት ከሆነ 2018 ነው። «ሲንስ 2010» ብላችሁ ብትልኩ ቀጣሪው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልምድ ይጨምርላችኋል፤ ማስረጃው ሲመጣ ደግሞ ዋሾ ትባላላችሁ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ» ማለት «አይ ሃቭ አን አፖይንትመንት አት ናይን» ነው። «አት ስሪ» ያለ አስጎብኚን እንግዳው ከቀትር በኋላ ይጠብቀዋል።

«ሃዝ ጎን ቱ» እና «ሃዝ ቢን ቱ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሰውየው አዲስ አበባ ሄዶ እስካሁን እዚያው ከሆነ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ አዲስ አበባ»። ሄዶ የተመለሰ ከሆነ «ሂ ሃዝ ቢን ቱ አዲስ አበባ»። አማርኛችን ሁለተኛውን «ሄዶ ያውቃል» በማለት ያምርበታል፤ «ጓሳ ሄደህ ታውቃለህ?» ማለት «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ጓሳ?» ነው (ጓሳ መንዝ ውስጥ ያለ ጥብቅ ስፍራ ነው)። «ታውቃለህ» ስላለ ብቻ «ኖው» የሚለውን ግስ እዚህ አታስገቡት። ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ ደግሞ «አይ ሃቭ ጎን» አይመችም፤ ሄዶ የቀረ ሰው እንዴት ከፊታችን ቆሞ ያወራል?

«ፀጉሬን ተቆረጥኩ» የሚለውን «አይ ከት ማይ ሄር» ብል ምን ችግር አለው?

መቀሱን ራሳችሁ ይዛችሁ ቆረጣችሁት ማለት ይሆናል። ፀጉር አስተካካዩን ዘንግታችሁታል።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ሀብታም ነው። እህል አስፈጨሁ፣ ልብስ አሰፋሁ፣ ቤት አሠራሁ፣ ማስረጃ አስተረጎምኩ እንላለን፤ አንዲት «አ» ወይም «አስ» ግሱ ፊት ስትገባ ሥራውን ሌላ ሰው እንደሠራው ይታወቃል። እንግሊዝኛ ይህን የሚለው በሃቭ ነው። ቅደም ተከተሉም፦ መጀመሪያ ሃቭ፣ ቀጥሎ ነገሩ፣ በመጨረሻ የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ። «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት»። «አይ ሃድ ዘ ግሬን ግራውንድ»፤ እህሉን አስፈጨሁት። «አይ ሃድ ማይ ዶክመንትስ ትራንስሌትድ»፤ ማስረጃዬን አስተረጎምኩ። የመጨረሻዋ በተለይ ለኤምባሲና ለውጭ ትምህርት ቤት ስትጽፉ ታስፈልጋችኋለች። «አይ ትራንስሌትድ ማይ ዶክመንትስ» ብትሉ ትርጉሙን የሠራሁት ራሴ ነኝ ብላችኋል፤ እነርሱ ደግሞ የሚፈልጉት ፈቃድ ያለው ተርጓሚ የሠራውን ነው።

ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ። «አይ ሃድ ማይ ባጃጅ ሪፔርድ» ማለት ባጃጄን አሠራሁ ነው። «አይ ሃድ ሪፔርድ ማይ ባጃጅ» ማለት ግን ባጃጄን ቀደም ብዬ በራሴ እጅ ጠግኜ ነበር ነው። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፤ የ«ባጃጅ» ቦታ ብቻ ተቀየረ፤ መካኒኩ ከታሪኩ ወጣ።

የሠራውን ሰው መጥቀስ ከፈለጋችሁ ግሱ ወደ ባዶ ቅርጹ ይመለሳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን አሳይቶ ከተነሣ «አይ ሃድ ዘ መካኒክ ቼክ ዘ ብሬክስ» ይላል። «ቱ ቼክ» አይልም፤ «ቼክድ»ም አይልም። መካኒኩን ካልጠቀሰ ደግሞ «አይ ሃድ ዘ ብሬክስ ቼክድ» ይሆናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ክፉ አጋጣሚም በዚሁ መንገድ መሄዱ ነው። «ስልኬን ተሰረቅሁ» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም «አይ ሃድ ማይ ፎን ስቶለን» ይላል። ማንም ስልኩን አዝዞ አያሰርቅም፤ ሆኖም ቅርጹ ፀጉር ከመቆረጥ ጋር አንድ ነው። አማርኛችንም «ፀጉሬን ተቆረጥኩ»፣ «ስልኬን ተሰረቅሁ» ብሎ ሁለቱን በአንድ መልክ ስለሚያስኬድ እዚህ ላይ ትርጉሙ ራሱ ይመጣላችኋል። «አይ ዎዝ ስቶለን» ግን አትበሉ፤ እናንተን ራሳችሁን አፍነው ወሰዷችሁ ማለት ነው።

«ሃቭ ቱ» እና «መስት» አንድ ናቸው?

በአዎንታ ሲሆኑ ተቀራራቢ ናቸው። «መሄድ አለብኝ» ማለት «አይ ሃቭ ቱ ጎ» ነው፤ «አይ መስት ጎ» ብትሉም ያስኬዳል፤ መስት ትንሽ ይጠነክራል። አማርኛውም «አለ» ላይ «ብኝ» ጨምሮ ግዴታን መሥራቱ ለትምህርት የተመቸ ነው። (ዕዳም በዚሁ ይነገራል፤ «ሺህ ብር አለበት» ግን «ሂ ሃዝ» አይሆንም፤ «ሂ ኦውዝ» ነው። በሃዝ ከተረጎማችሁት ባለዕዳውን ባለገንዘብ አደረጋችሁት።)

በአሉታ ሲሆኑ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። «ዩ መስት ኖት» ክልክል ነው ማለት ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ» ደግሞ ግዴታ የለባችሁም፣ ከፈለጋችሁ ግን ትችላላችሁ ማለት ነው። አማርኛችን «ማድረግ የለባችሁም» ሲል በአብዛኛው መከልከሉ ነው፤ «አለብኝ»ን በ«ሃቭ ቱ» የለመደ ሰው አሉታውንም በ«ዶንት ሃቭ ቱ» ይለዋል። ውጤቱን አስቡት። አስጎብኚው ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹ አጠገብ ቆሞ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፊድ ዘ ጌላዳስ» ይላል። እርሱ እንዳትመግቧቸው ማለቱ ነው። እንግዳው የሰማው «መመገብ ግዴታ አይደለም» ነው፤ ፈገግ ብሎ ብስኩቱን ከቦርሳው ያወጣል። አስጎብኚው ይቆጣል፤ እንግዳው ይደነግጣል፤ ጭላዳው ብስኩቱን ይበላል። «ፕሊዝ ዶንት ፊድ ዘ ጌላዳስ» ወይም ጠንከር ሲል «ዩ መስት ኖት» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ የደኅንነት ማስታወቂያ የምትጽፉማ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ላለፈ ጊዜ ሲሆን መስት አያገለግልም፤ ሃድ ቱ ይተካዋል። የመንዝ ሕዝብ ጓሳን በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ሳሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ እስኪከፈትም ባለርስቱ ሁሉ መጠበቅ ነበረበት፤ «ዘ ፒፕል ሃድ ቱ ዌይት»።

በማመልከቻና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

አሳጥራችሁ አትጻፉ። «አይቭ» ለንግግር ነው፤ በደብዳቤ «አይ ሃቭ» ተብሎ ሙሉው ይጻፋል። «ጎት» ደግሞ ከደብዳቤ በር አይግባ። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ማመልከቻ እንዲህ ይላል፦ «አይቭ ጎት ኤ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ ኤንድ አይ አም ሃቪንግ ቱ ይርስ ኤክስፒሪየንስ»። እንዲህ ይስተካከላል፦ «አይ ሃቭ ኤ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ ኤንድ ቱ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ»። አጠረ፤ ጸዳ። «ሲቪዬን አያይዤ ልኬያለሁ» የሚለው ደግሞ «አይ ሃቭ አታችድ ማይ ሲቪ» ነው፤ ጊዜ ስላልተጠራ ሃቭ በደስታ ይገባል።

«ትምህርቴን ጨርሼ» ብላችሁ ስትጀምሩ በጣም ተጠንቀቁ። «ሃቪንግ ኮምፕሊትድ ማይ ስተዲስ» ጥሩ የደብዳቤ አጀማመር ነው። ግን አማርኛው «ጨርሼ» ሲል የጨረሰው እኔ መሆኔ ግሱ ላይ ተጽፏል፤ «ጨርሶ» ቢል ሌላ ሰው ነው። «ሃቪንግ» ይህን አይናገርም፤ ባለቤቱን የሚዋሰው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ከሚመጣው ስም ነው። «ሃቪንግ ኮምፕሊትድ ማይ ስተዲስ፣ ዩር ካምፓኒ ኢዝ ማይ ፈርስት ቾይስ» ካላችሁ የተመረቀው ድርጅቱ ሆነ። «ሃቪንግ ኮምፕሊትድ ማይ ስተዲስ፣ አይ ዊሽ ቱ አፕላይ» ይሁን።

«አይ ሃቭ ዘ ኦነር ቱ» የሚለውን የድሮ ደብዳቤ አጀማመር ተዉት። እርሱን የሚጽፉት ሰዎች በጡረታ ላይ ናቸው።

«ሹድ ኦፍ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ልክ ነው?

አይደለም፤ ራሳቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የሚሳሳቱት ነው። በፍጥነት ሲነገር «ሹድ ሃቭ» ወደ «ሹደቭ» ስለሚቀርብ በጆሮ ብቻ የጻፈው ሰው «ኦፍ» ያደርገዋል። «መናገር ነበረብኝ» ማለት «አይ ሹድ ሃቭ ስፖከን» ነው።

«ዩ ሃድ ቤተር ጎ» ያለፈ ጊዜ ነው?

«ሃድ» ቢልም ያለፈ አይደለም። «ብትሄድ ይሻልሃል» ማለት ሲሆን በውስጡ ማስፈራሪያ አዘል ምክር አለ፤ ለልጅ ይባላል፤ ለአለቃ አይባልም። «ሃድ ሃድ» ተደራርቦ ካያችሁም አትደንግጡ፤ «ሂ ሃድ ሃድ ላንች» ማለት «ምሳውን በልቶ ነበር» ነው፤ የመጀመሪያው ረዳት ግስ፣ ሁለተኛው «በላ» የሚለው ዋና ግስ።

«ሃብ» ብዬ ብጠራው ይገባቸዋል?

ይገባቸዋል፤ ግን «ቭ»ን ልመዱ። ላይኛው ጥርስ ታችኛውን ከንፈር በስሱ ይንካ፤ ሁለቱ ከንፈሮች ከተጋጠሙ «ብ» ይሆንባችኋል። ደግሞ የግዴታው «ቱ» (ቁጥሩ ሳይሆን) ሲከተለው ድምፁ ይለወጣል፦ «ሃቭ ቱ» ሲነገር «ሃፍ ቱ»፣ «ሃዝ ቱ» ሲነገር «ሃስ ቱ» ይሆናል። «አይ ሃቭ ቱ ሺፕ» ሲል በግ እየቆጠረ ነው፤ «አይ ሃፍ ቱ ስሊፕ» ሲል መኝታው ደርሷል።